ነጭ ጭስና የሚጎድል ውኃ፦ ቴስታታው ሳይወርድ የተፈታ የዶልፊን ጉዳይ

መኪናው ዶልፊን ነው። ቶዮታ ሃይስ፣ 5ኤል ሞተር፣ 2,986 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው። ወደ ጋራዣችን የመጣው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው፣ የአዲስ አበባ ጠዋት አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን። የሚሾፍሩት ባለንብረቱ ራሳቸው ናቸው። ደብረ ማርቆስ በኮንትራት ይመላለሳሉ።

ችግሩን ሲናገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭሱ ጎረቤት ያጣላል፣ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይጠራል። ዓባይ በረሃ ወርደው ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ የሙቀት መርፌው ይነሳል፣ ደጀን ደርሰው ሲበርድላቸው ከፍተው ሲያዩ ራዲያተሩ ጎድሏል። ከተማ ውስጥ ሲሠሩ ግን ይህን ያህል አይጎድልም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ሾፌር ብዙ ያወራል፣ መካኒክ ደግሞ ግማሹን አይሰማም፣ ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ትልቁ መረጃ "ከተማ ውስጥ አይጎድልም" የሚለው ነበር።

እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ጋራዥ ገብተው ነበር። እዚያ "ነጭ ጭስ አለ፣ ውኃ ይጎድላል፣ በቃ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው" ተባሉ። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ) ገባ። ገንዘቡ ወጣ። ጭሱም ውኃውም እንደነበሩ ቀሩ። ተመልሰው ሲሄዱ "እንግዲያው ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል" አሏቸው።

"አንተም እሱኑ የምትለኝ ከሆነ ሳትፈታው ንገረኝ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ቴስታታ ልፈልግ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ምንም አይግዙ። መኪናውን እዚህ ያሳድሩት" አልኳቸው።

እንዲህ ያልኩት ቴስታታው ጤነኛ ነው ብዬ አይደለም። ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የዚህ ሞተር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሞቆ ከተጎዳ ቴስታታው ላይ ስንጥቅ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያላመንኩት ሌላ ነገር ነው። ጭሱና ውኃው የአንድ በሽታ ምልክት መሆናቸውን ማንም አላረጋገጠም። ሁለቱ አብረው ስለታዩ ብቻ አንድ ላይ ታሰሩ። ጭሱ ውኃ ከሆነ በእርግጥ አንድ ናቸው። ጭሱ ናፍታ ከሆነ ግን ውኃው የራሱ መንገድ አለው ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ቴስታታ ማውረድ ምንም አያመጣም።

ስለዚህ ከጭሱ ጀመርን።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ጥቁር ጭስ ናፍታ በዝቶ ወይም አየር አንሶ ነው፣ ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። ሰውን የሚያሳስተው ነጩ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ነጭ አለ። አንደኛው እንፋሎት ነው። ሁለተኛው ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው። እንፋሎት ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ ወጥቶ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል። ያልተቃጠለ ናፍታ ግን አይጠፋም፣ መሬት ላይ ተኝቶ ይንሳፈፋል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የገባበት እንፋሎት ጣፋጭ ሽታ አለው ይባላል፣ እውነት ነው፣ እዚህ ግን አይረዳንም፤ እኚህ ሰው እንደ ብዙዎቻችን ሾፌሮች የሚሞሉት የቧንቧ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ደግሞ ሲተን ምንም አይሸትም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በደንብ በርዶ ሳለ አስነሳነው። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ዓይናችን አነባ። ነጭ ወረቀት ማርሚታው አፍ ላይ ይዘን ስናየው ወረቀቱ ቅባት ነገር ይዞ ናፍታ ናፍታ ሸተተ። እንፋሎት ቢሆን የውኃ ጠብታ ነበር የምናየው። አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ መናገር አለብኝ፣ ማንኛውም ሞተር በብርድ ሲነሳ ትንሽ ውኃ ከማርሚታው ያንጠባጥባል፣ ናፍታ ሲቃጠል ውኃ ይፈጥራልና። እሷን አይቶ "ውኃ እየበላ ነው" የሚል አለ፣ አትስሙት።

ከዚያ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያጨስ መፈለግ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እየሠራ ናፍታ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን) አንድ በአንድ ላላ አደረግን። ጤነኛ ሲሊንደር ሲላላ ሞተሩ ይንኮታኮታል። የታመመው ሲላላ ግን ብዙም ልዩነት የለም፣ ወይም ጭሱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም፣ ጭሱ ግን ጉልህ ሆኖ ቀነሰ። በቃ፣ ሦስተኛው ነው።

ይህን ሙከራ አባዱላ (ከዶልፊን በኋላ የመጣው ሃይስ) ላይ ወይም ሌላ ኮመን ሬል ባለው፣ ማለትም ናፍታው በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በሚረጭበት መኪና ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩ። ዶልፊን ላይ ያለው ፓምፕ ሜካኒካል ነው፣ ኢንጀክተሩም 150 ባር ገደማ ላይ ይከፈታል። ኮመን ሬል ላይ ያለው ግፊት ግን ከ1,000 ባር ያልፋል፣ የሚወጣው ናፍታ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጣቱን ያጣ ሰው አለ።

ኢንጀክተሮቹን ፈትተን ፖምፒስታ (የናፍታ ፓምፕና ኢንጀክተር ሠሪ) ጋ ወሰድናቸው። ሦስተኛው ኖዝል (የኢንጀክተሩ መርጫ ጫፍ) መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል፣ የሚከፈተውም ከሌሎቹ ቀድሞ ነው። የወደቀች ጠብታ በበረደ ሲሊንደር ውስጥ አትቃጠልም፣ ነጭ ሆና ትወጣለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን እንደምንም ትቃጠላለች፣ ለዚያ ነው ጭሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠራው። በብርድ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎችንም በኦም ሜትር ለካናቸው። ደህናዎቹ አንድ ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ያሳያሉ። ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ጭራሽ አይመልስም፣ ተቃጥሏል።

የጭሱ ነገር ግማሽ በግማሽ ተፈታ ማለት ነው። ኖዝሉ ለምን ተበላሸ የሚለውን የናፍታ ፊልትሮውን ስንከፍት አየነው፣ ታችኛው ክፍል ውኃና ጭቃ ነበር። መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ ናፍታ ይቀዳሉ ወይ ስላቸው ሳቅ ብለው ዝም አሉ።

አሁን ውኃው። "ጭሱ ናፍታ ነው" ማለት "ቴስታታው ደህና ነው" ማለት አይደለም። በተለይ አንድ ተንኮለኛ ሁኔታ አለ። ስንጥቁ በጣም ቀጭን ሲሆን ሞተሩ ሲሠራ ውኃ አያስገባም። ማታ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ግን ራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ውኃውን ቀስ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ጠዋት ሲነሳ አንድ ሲሊንደር ይንገጫገጫል፣ ነጭ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። እንግዲህ እኛ ያየነው ምልክት ከዚህ ጋር አንድ ነው። በወረቀት ላይ ባየነው ቅባት ብቻ ተማምኖ ይህን ማለፍ አይቻልም።

በመጀመሪያ ቀላሎቹን አየን። የዘይት መለኪያው ላይ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ማኪያቶ አልሆነም፣ ውኃ አልገባበትም ማለት ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ነበር፣ ግን በብርድ ወቅት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው። ሞተሩ እንደበረደ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳነው፣ መጀመሪያ ትንሽ አየር ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው የሚገባ ቢሆን አረፋው ባላቆመ ነበር፣ የላይኛው ጎማ ቱቦም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጠንክሮ ይገኝ ነበር። ቱቦው ለስላሳ ነው።

ቀለሙን የሚቀይረውን ፈሳሽም ተጠቀምን፣ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር ውስጥ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴና ቢጫ የሚሄደውን። አልተለወጠም። ለናፍታ መኪና ግን በዚህ ብቻ አትማመኑ። ናፍታ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የሚጠቀመው አየር ብዙ ስለሆነ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ነው፣ ፈሳሹ ላይሰማው ይችላል። እኛ ሞተሩን ጫን አድርገን ደግመን አየነው፣ አሁንም ሰማያዊ።

ዋናው ሙከራ የማታው ነው። የግፊት መሞከሪያ ፓምፑን በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመን 1 ባር ድረስ ነፋነው። ሌሊቱን እንዲሁ ተወነው። ጠዋት መርፌው ከነበረበት ብዙም አልወረደም። ካንዴሌታዎቹን በሙሉ ፈታን፣ የፓምፑን የናፍታ መዝጊያ ሽቦ ነቀልን፣ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዞርነው። ተሰንጥቆ ቢሆን ከአንዱ ቀዳዳ ውኃ ተፍ ይል ነበር። የወጣው ደረቅ አየር ነው። ረዳቱ ልጅ ፊቱን አስጠግቶ ነበር የሚያየው፣ ተመለስ ብዬ ጮህኩበት፤ ውኃ ቢኖር ዓይኑ ውስጥ ነበር የሚገባው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሲስተሙ ሌሊቱን ሙሉ ግፊት ይዞ አደረ። ከውስጥም ከውጭም አይፈስም። ቱቦውም፣ የውኃ ፓምፑም፣ ራዲያተሩም፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ቴስታታውም ንጹሕ ናቸው። ሆኖም ውኃ ይጎድላል። ታዲያ ምን ቀረ? ሙከራው ላይ ያልነበረው ዕቃ ቀረ። መሞከሪያ ፓምፑ የሚገጠመው በክዳኑ ቦታ ነው። ክዳኑ በዚያ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የራዲያተር ክዳን በአብዛኛው ሰው ዓይን ውኃ እንዳይረጭ የሚዘጋ ነገር ነው። ነገሩ ግን ቫልቭ ነው፣ ሁለት ቫልቭ። አንዱ ግፊቱ ከተጻፈበት ልክ ሲያልፍ ውኃውን ወደ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ይለቃል። ሌላው ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ ውኃ መልሶ ይስባል። የዚህ መኪና ክዳን 0.9 የሚል ተጽፎበታል፣ 0.9 ባር ማለት ነው። መሞከሪያው ላይ በአስማሚ ገጥመን ስንነፋው 0.3 ሳይደርስ ፉት አለና ለቀቀ። ስፕሪንጉ ሞቷል፣ ላስቲኩም ተሰነጣጥቋል።

ይህ ለአንድ የጂቡቲ ወይም የዱባይ መኪናም ችግር ነው፣ ለኛ ግን የባሰ ነው። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩ የሚጫነው 0.76 ባር ያህል ብቻ ነው። ክዳኑ ጤነኛ ሆኖ 0.9 ሲጨምርበት ግን ውኃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። 0.3 ብቻ ሲጨምር 101 ላይ ይፈላል። ከ13 ዲግሪ የሚበልጥ መጠባበቂያ በአንዲት ክዳን ጠፋ ማለት ነው።

አሁን መንገዱን አስቡት። ጎሃ ጽዮን ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ታች ሙቀቱ ሌላ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ያንኑ ያህል ሽቅብ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ሞልቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማለትም ከፊት የሚገባው ንፋስ ትንሽ ሆኖ ትወጣላችሁ። ሞተሩ እየጋለ በሄደ ቁጥር ከፍታው ይጨምራል፣ ውኃው የሚፈላበት ዲግሪ ደግሞ ይወርዳል። ደጀን አፋፍ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ውኃው ፈልቶ በክዳኑ አልፎ ፕላስቲኩን ይሞላል፣ ፕላስቲኩ ሲሞላ በትርፍ ቱቦው መሬት ላይ ይፈስሳል። ሾፌሩ እየነዳ ነው፣ አያየውም። ከተማ ውስጥ ሞተሩ 101 አይደርስም። ስለዚህ አይጎድልም። እንግዲህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ይዛ ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ክዳን ቀይረን እንሸኛቸው ነበር። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር፤ ሙቀቱ ራሱ ለምን 101 ደረሰ? ጤነኛ 5ኤል ዓባይን ሲወጣ መርፌው ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ እንደዚህ አይሆንም።

ሞተሩን ከብርድ አስነስተን ራዲያተሩን በእጅ ስንዳስሰው ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ይሞቃል። ቴርሞስታት (በሙቀት የሚከፈት የውኃ መዝጊያ) ያለው መኪና እንዲህ አያደርግም፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ሲከፈት ባንዴ ይሞቃል። የቴርሞስታቱን ቤት ከፈትነው። ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም።

"ጋሼ፣ ቴርሞስታቱ የት ሄደ?"

"እሱንማ ድሮ ነው ያስወጣሁት። ለኛ አገር ሙቀት አያስፈልግም ብለውኝ።"

ይህ ምክር በአገራችን ከየት እንደተነሳ እንጃ፣ ግን ቴርሞስታት የሌለበት ሚኒባስ ስፍር ቁጥር የለውም። ሐሳቡ "ውኃው ሳይዘጋበት ከዞረ ይበልጥ ይበርዳል" ነው። ለአንዳንድ ሞተር ይሠራ ይሆናል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከውኃው ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን ራዲያተሩ በሙሉ አቅሙ ሲፈለግ ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ደግሞ ጠዋትስ? ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በኅዳር ብርድ ቶሎ አይሞቅም። ቶሎ ያልሞቀ ሞተር ውስጥ ያቺ ከሦስተኛው ኖዝል የምትንጠባጠብ ናፍታ ረጅም ጊዜ ሳትቃጠል ትወጣለች። ስለዚህ ጭሱና ውኃው የተገናኙት እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ቴስታታው ላይ አይደለም።

የተሠራውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለአራቱም ኢንጀክተሮች አዲስ ኖዝል ገባ፣ ፖምፒስታው ግፊታቸውን አስተካከለ። አንዱን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር፣ ግን አንዱ አዲስ ሦስቱ አሮጌ ሲሆኑ ሞተሩ አይስማማም። የተቃጠለው ካንዴሌታ ተቀየረ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ትክክለኛው ቴርሞስታት ገባ፣ ላዩ ላይ ያለችው ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ሆና። ራዲያተሩ ከውጭ በትንኝና በአቧራ ተደፍኖ ነበር፣ ከኋላ ወደ ፊት በውኃ ታጠበ። የዝገቱ ውኃ ፈስሶ ኩላንት ተሞላ። ክዳኑ ተቀየረ፣ 0.9 ያለው። "1.1 ያለው አለ፣ እሱ አይሻልም?" የሚል ሰው አይጠፋም። አሮጌ ራዲያተርና አሮጌ ቱቦ ላይ ከተጻፈው በላይ ግፊት መጫን ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ክዳኑና ቴርሞስታቱማ የአንድ ምሳ ግብዣ ናቸው ማለት ይቻላል። እኔን የሚያናድደኝ ቴስታታው ነው፤ በከንቱ የተላገው። የተላገ ቴስታታ እንደገና የሚላግበት ልክ አለው። ጓርኒሲዮኑም ለዚህ ሞተር በተለያየ ውፍረት ነው የሚሸጠው፣ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ የሚወጣውን ለክቶ ነው የሚመረጠው፤ ተለክቷል ወይ ብዬ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም።

ኮምፕረሽኑንም (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ካንዴሌታዎቹ ወጥተው ሳሉ ለክተን ነበር። 23፣ 20፣ 22፣ 23 ባር። መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት መካኒክ አጠገቤ ነበርና "ይሄ ሞተር አልቋል፣ አዲሱ 30 ማለፍ አለበት" አለ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ሩብ ያህል ስለሚያንስ ቁጥሩም በዚያው ልክ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው ማየት፤ ከ5 ባር ከበለጠ ያሳስባል። እዚህ 3 ነው።

ሰውየው ደብረ ማርቆስ ደርሰው ተመለሱ። ደጀን ላይ መርፌው መሃል ላይ ነበር፣ ውኃም አልጨመሩም። በስልክ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ግን ታኅሣሥ ላይ መጥተው "ጠዋት አሁንም ትንሽ ያጨሳል" አሉኝ። አየሁት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ያለችው 20 ናት። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እየደከመ ነው፣ አንድ ቀን ሞተሩ መውረዱ አይቀርም፣ ግን ገና ነው አልኳቸው።

"ስንት ዓመት?"

"በዚህ አያያዝ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል።"

"እስከዚያማ ሸጬዋለሁ" አሉና ክላክስ አድርገው ወጡ።